ውሃና ጨው፤ የኮሌራ ሕክምና ታሪክ



ማለዳ በደኅና ከቤቱ የወጣውን ሰው ማታ ለከፈን የሚያደርስ በሽታ ቢኖር ኮሌራ ነው። በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ግን የበሽታውን አስፈሪነት አይደለም፤ እሱን ያየው ሁሉ ያውቀዋል። የምንመለከተው የሰው ልጅ ይህን በሽታ ለይቶ ለማወቅና በጊዜ ደርሶ ለማዳን የሄደበትን መንገድ ነው። መንገዱም አንድ ጊዜ የተገኘው ዕውቀት ተመልሶ እየጠፋ፤ የጠፋውም እንደ አዲስ እየተፈለገ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ነው። ታሪኩ ተጽፎ የሚገኘው በአብዛኛው በውጭ አገር መዛግብት ስለ ሆነ ዘመኑን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ይሆናል።

አስቀድመን ምልክቱን እንወቅ። ኮሌራ የያዘው ሰው ሆዱ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ያለ ብዙ ቁርጠት ያስቀምጠዋል፤ የሚወጣውም ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይነ ምድር መሆኑ ይቀርና ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ይመስላል። ትውከትም ይከተላል። በሽታው እጅግ ከጠናበት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ውሃ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ድምፁ ይሰልላል፤ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፤ የጣቶቹ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ እንደ ዋለች ሴት እጅ ይጨማደዳል፤ ሽንቱ ይቆማል። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ቢለቁት እንደ ጤነኛ ሰው ቆዳ ወዲያው አይመለስም፤ እንደ ተቆነጠጠ ይቆያል። በመጨረሻ የደም ሥሩ ትርታ ከእጁ አንጓ ላይ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ብዙዎቹ በሽተኞች ይህ ሁሉ ሲደርስባቸው አእምሯቸውን ሳይስቱ መቆየታቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህን ሰው የሚገድለው ምንድር ነው? የሚል ነው። ዛሬ መልሱ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን ግልጽ አልነበረም።

በሽታው በቤንጋል አገር በጋንጅስ ወንዝ መድረሻ ሲኖር የቆየ ሲሆን፤ በ1817 ከዚያ ተነሥቶ ነጋዴውንና ወታደሩን እየተከተለ አገር ላገር መዞር ጀመረ። በ1831 መጸው በሰንደርላንድ ወደብ በኩል ወደ እንግሊዝ ገባ። በዚያ ዘመን የነበሩት የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታው ከተበላሸ አየር የሚመጣ መርዝ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር መርዙን ከሰውነት ለማስወጣት ይታገሉ ነበር። በእኛ አገር ዋግምት እንደሚታገም ሁሉ እነሱም የበሽተኛውን ክንድ በስተው ደም ያፈሱ ነበር፤ ደግሞም ካሎሜል የሚባለውን ከባዜቃ የተሠራ መድኃኒት እየሰጡ ሆዱን የበለጠ ያስቀምጡት ነበር። ውሃው ከሰውነቱ ተሟጦ ያለቀን ሰው ደሙንም መቅዳት ማለት ነው። ደሙ ግን እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ወፍሮ አልፈስ ይላቸው ነበር። ይህን እያዩ ምክንያቱን የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ዊልያም ብሩክ ኦሾግነሲ የሚባል፤ በኤድንበርግ የተማረ፤ ገና 22 ዓመት የሆነው የአየርላንድ ተወላጅ ነው። ይህ ወጣት በ1831 መጨረሻ ወደ ሰንደርላንድ ሄዶ የበሽተኞችን ደምና ከሆዳቸው የሚወጣውን ውሃ ወስዶ በኬሚስትሪ ዘዴ መረመረ። ያገኘውም ነገር ይህ ነው፤ ደሙ አብዛኛውን ውሃውንና ጨዉን አጥቷል፤ ከደሙ የጎደለው ጨውም በተቅማጡ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የጎደለውን ውሃና ጨው ለደም መመለስ ይገባል ሲል ላንሴት በሚባለው የሎንዶን የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። ጥያቄው በዚህ ተመለሰ ማለት ይቻላል። የሚገድለው መጉደሉ ነው።

ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ሰዎች አንዱ በኤድንበርግ አጠገብ ባለችው በሌይት ወደብ ይሠራ የነበረው ዶክተር ቶማስ ላታ ነው። ላታ በመጀመሪያ ፈሳሹን በአፍና በመቀመጫ በኩል ለመስጠት ሞክሮ ስላልሆነለት፤ በ1832 ግንቦት ወር ማንም ያልደፈረውን ነገር ደፈረ። በሽተኛዪቱ አሮጊት ነበሩ። የታወቀው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮባቸው ከሞት አፋፍ ደርሰው ነበር። ሐኪሙ በክንዳቸው የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጨውና ሶዳ የተበጠበጠበትን ውሃ ጥቂት በጥቂት ያስገባ ጀመር። ለጊዜው ምንም ለውጥ አልታየም። ቆይቶ ግን የሴትዮዋ ትንፋሽ ቀለል አለ፤ የሰረጎደው ዓይንና የወደቀው መንጋጋ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጠፍቶ የነበረው ትርታ እንደገና ተገኘ፤ ቀዝቅዞ የነበረው እጅና እግር ሞቀ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሊትር ያህል ፈሳሽ ከገባላቸው በኋላ አሮጊቷ በጠነከረ ድምፅ ምንም ሕመም እንደማይሰማቸው፤ የሚፈልጉትም ጥቂት እንቅልፍ ብቻ እንደ ሆነ ተናገሩ፤ እንዲያውም ይቀልዱ ጀመር።

ላታ ደክሞት ስለ ነበርና በሽተኛዪቱም የዳኑ ስለ መሰለው፤ ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ሰጥቶ ሊያርፍ ሄደ። ጥቂት ሳይቆይ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰ። በደም ሥር የሚገባው ውሃ ግን አልተደገመላቸውም። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሴትዮዋ ሞቱ። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለህ ተመልከት። ሕክምናው ትክክል ነበር፤ መጠኑና ጊዜው ግን ጎደለ። ላታም ምክንያቱን በሚገባ ስለ ተረዳው በጻፈው ደብዳቤ ፈሳሹ እየተደጋገመ መሰጠት እንዳለበት አስታውቋል።

በዛሬው ጊዜ ሕዝባችን «ጉሉኮስ ተሰካለት» የሚለው ሕክምና መነሻው ይህ ነው። ይሁን እንጂ የላታ ዘዴ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። ምክንያቱም ብዙ ነው። የተሞከረባቸው በሽተኞች ሌላ ተስፋ ያጡ፤ ለመሞት ያጣጥሩ የነበሩ ሰዎች ስለ ሆኑ አብዛኞቹ ሞቱ። ውሃውንና መርፌውን ከጀርም ማጥራት ገና አይታወቅም ነበር። ላታ ራሱ በ1833 በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈ። ኦሾግነሲም በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ሄዶ በሌላ ሙያ ስሙ ገነነ፤ የሕንድን የቴሌግራፍ መሥመር የዘረጋው እሱ ሲሆን በ1856 የሰር ማዕርግ የተሰጠውም ስለዚሁ ሥራው እንጂ ስለ ኮሌራ አይደለም። ወረርሽኙም ከአውሮፓ ለጊዜው ሲርቅ ነገሩ ተረሳ፤ ሐኪሞችም ወደ ደም ማፍሰሳቸው ተመለሱ። እኔ እንደማስበው ዋናው ምክንያት ግን፤ ይህን ያህል ከባድ በሽታ በጨውና በውሃ ይድናል ብሎ ማመን ለተማረው ሰው ከባድ መሆኑ ነው።

ከዚህም በኋላ በሽታው ደጋግሞ ዓለምን ዞረ። በ1866 ዓፄ ቴዎድሮስ በጣና ሐይቅ ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ ከሰፈሩ ገብቶ ብዙ ሰው ስለ ፈጀ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ወጥተዋል። የላታ ደብዳቤ ከታተመ በዚያን ጊዜ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። ነገር ግን በቆራጣ ቀርቶ በሎንዶንም ቢሆን በደብዳቤው የሚሠራ ሐኪም ማግኘት ቀላል አልነበረም።

የበሽታውን ምንጭ ለማወቅ የተደረገውን ትግል አንባቢ ከሌላ ስፍራ ስለሚያገኘው በአጭሩ እንለፈው። ዶክተር ጆን ስኖው በ1854 በሎንዶን ኮሌራ በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ አስረዳ፤ በዚያው ዓመት ፓቺኒ የሚባል የፍሎሬንስ ሰው ጀርሙን በማይክሮስኮፕ አየው፤ በ1884 ሮበርት ኮኽ በካልካታ ለይቶ አወጣው። ይህ ሁሉ ሕዝብን ከበሽታው ለመጠበቅ እጅግ ጠቀመ። አስቀድሞ በበሽታው ተይዞ በአልጋ ላይ ለወደቀው ሰው ግን የጀርሙ መታወቅ ብቻውን ምንም አልፈየደለትም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሰር ሊዮናርድ ሮጀርስ በካልካታ የላታን መንገድ እንደገና ይዞ የጨው ውሃ በደም ሥር በመስጠት የሟቹን ቁጥር ብዙ ቀነሰ። በ1947 በግብፅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሲሞት፤ ሮበርት ፊሊፕስ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም በካይሮ የበሽተኞቹን ደም ውፍረት እየለካ የጎደለውን በልክ በመተካቱ ካከማቸው ከመቶው የሞቱት ከስምንት በታች ሆኑ። እዚህ ላይ የሚታየው አዲስ ነገር መለካት ነው። በኋላም ሐኪሞች መካከሉ የተበሳ አልጋ አሠርተው ከሥሩ ምልክት ያለው ባልዲ ያስቀምጡ ጀመር። ከበሽተኛው የወጣው በባልዲው ይለካል፤ ያንኑ ያህል በደም ሥሩ ይመለሳል። አልጋው ሲታይ የሚያምር አይደለም፤ ያዳነው ሰው ግን ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ኮሌራ የሚነሣው ሆስፒታል ባለበት ቦታ አይደለም። የተጣራው ውሃ፤ ጠርሙሱ፤ መርፌው፤ መርፌውንም የሚሰካው የሠለጠነ እጅ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ታዲያ በሽተኛው ውሃውን ለምን አይጠጣም? ቢባል፤ ውሃ ብቻ ወይም የጨው ውሃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ ሳይቀበለው ተመልሶ ይወጣ ነበር። የዚህ ምሥጢር የተፈታው በ1960 ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሮበርት ክሬን የተባለ የሳይንስ ሊቅ፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሆነው የሚገቡበት በር አለ ሲል አስረዳ። ጨው ስኳርን አስከትሎ ሲመጣ ሁለቱ አብረው ያልፋሉ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ ሌላውን ቢያናጋም ይህን በር አይዘጋውም። ነገሩ በኬሚስቶች ዘንድ ከመታወቁ በፊት ግን ሄሜንድራ ናት ቻተርጂ የሚባል የካልካታ ሐኪም በ1953 ጨውና ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ በአፍ እየሰጠ በሽተኞችን ማከሙን በዚያው በላንሴት መጽሔት አሳትሞ ነበር። ያዳመጠው አልነበረም። አንድ ዕውቀት ሁለት ጊዜ በአንድ መጽሔት ታትሞ ሁለት ጊዜ መረሳቱ የሚያስገርም ነው።

ከላይ ያነሣነው ፊሊፕስም የሚጠጣ ፈሳሽ በማኒላ ሞክሮ ነበር። ነገር ግን ፈሳሹ ከመጠን በላይ ስለ ወፈረ አንዳንድ በሽተኞች ሞቱበት፤ ከዚህም የተነሣ ለብዙ ጊዜ እጅግ ጠንቃቃ ሆነ። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የሚባሉ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች በዳካ ከተማ፤ በዚያን ጊዜ የምሥራቅ ፓኪስታን ዋና ከተማ በነበረችው፤ ከቤንጋል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሥራውን እንደገና ያዙት። እነሱ ያስተዋሉት ቁም ነገር ቀላል ነበር፤ ከበሽተኛው የወጣውን ለክቶ ያንኑ ያህል ማጠጣት ነው። በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ፤ በመጀመሪያ ከድንጋጤው በደም ሥር ፈሳሽ የተነሡት በሽተኞች ከዚያ በኋላ ይህን ቢጠጡ በደም ሥር የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ በ80 ከመቶ እንደሚቀንስ ገለጹ። ሙከራው የተደረገው በ29 ሰዎች ላይ ነው። ሠለጠነ በተባለው ዓለም የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ግን ይህ በሆስፒታል ውስጥ፤ በሠለጠነ እጅ ካልሆነ አደገኛ ነው ይሉ ነበር።

በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ተነሣ። ወደ ዐሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሕንድ ፈለሰ፤ በክረምቱ ዝናብ በየመጠለያው ኮሌራ ተነሣ። ድንበር አጠገብ ባለችው በቦንጋዮን ከተማ የነበረው ሆስፒታል 16 አልጋ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። በሽተኛው ወለሉን ሞልቶት ስለ ነበር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው የካልካታ ሐኪም በሽተኞችን ለማከም በተቅማጥና በትውከት ውስጥ መንበርከክ ነበረበት። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቶሎ አለቀ። ሐኪሙም ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሰዎቹ ሲሞቱ መመልከት፤ ወይ በሆስፒታል ካልሆነ አይቻልም የተባለውን ነገር በሜዳ ላይ መሞከር።

ማሃላናቢስና ረዳቶቹ ለአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፤ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ እየመዘኑ በከረጢት አዘጋጁ። ይህን ቧንቧ ባላቸው በርሜሎች ውስጥ በውሃ በጠበጡት። ነርስ ስላልነበረ እናት ለልጇ፤ ወንድም ለወንድሙ እየቀዳ እንዲያጠጣ ተደረገ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ከ3,700 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ታከሙ። አስቀድሞ በመጠለያዎቹ ከመቶ በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በሱ እጅ ከታከሙት ግን ከመቶው የሞቱት ከአራት ያነሱ ናቸው። አሠራሩ በወረቀት ታትሞ በድንበሩ አካባቢ ከመታደሉም በላይ በስውር ይሠራ በነበረ የባንግላዴሽ ሬዲዮ ጣቢያ ለሕዝቡ ይነገር ነበር። ሬዲዮ በጦርነት ጊዜ ከሠራቸው ሥራዎች ይህ ከመልካሞቹ አንዱ ይመስለኛል። ማሃላናቢስ ያረፈው በ2022 ሲሆን አገሩ በማግሥቱ ዓመት ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ሰጥታዋለች።

ከጦርነቱ በኋላ ነጻ በወጣችው ባንግላዴሽ የተደረገውም ሊነገር የሚገባው ነው። ብራክ የሚባል የአገሩ ተራድኦ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ እናቶችን አስተማረ። በገጠር ሚዛን የለም፤ ስለዚህ መለኪያው እጅ ሆነ፤ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር በተወሰነ ውሃ ይበጠበጣል። የአስተማሪዋ ደመወዝ የሚከፈለው ባስተማረችው ሰው ብዛት አልነበረም፤ ተቆጣጣሪ ከሳምንታት በኋላ ሄዶ እናቶችን ሲጠይቅና ሲያስበጠብጥ በተገኘው ዕውቀት ልክ ነበር። በመጀመሪያ እናቶቹ አሠራሩን ቢያውቁም ሲያስፈልግ የሚያደርጉት ጥቂቶች ነበሩ። ሲመረመር ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው አላመኑበትም፤ ለባሎችም የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህ ከታረመ በኋላ ነገሩ ሥር ሰደደ።

ኮሌራ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራችን ተመልሶ የገባው በ1970፤ የዳካው ጽሑፍ በታተመ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህም እየተመላለሰ ጎብኝቶናል፤ ሕዝቡም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሚለው ስም ያውቀዋል። ስለዚህ አንባቢ የሚከተለውን ልብ ቢል መልካም ነው።

ተቅማጥ የያዘው ሰው ቁጡና እረፍት የለሽ ቢሆን፤ ዓይኑ ቢሰረጉድ፤ ውሃ ሲሰጡት እየተስገበገበ ቢጠጣና የተቆነጠጠው የሆዱ ቆዳ ቀስ ብሎ ቢመለስ ውሃው መጉደል ጀምሯል። ሰውነቱ ዝሎ ቢፈዝ፤ መጠጣት ቢያቅተው፤ ቆዳው ለመመለስ ሁለት ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ቢወስድ የሞት አደጋ ስለ ሆነ አንድ ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ መጠጣት የሚችል ከሆነም በመንገድ ላይ እያጠጡ ይሄዳሉ። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው እንዲህ ሆኖ ቢደርስ ሐኪሞች በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ስድስት ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጡታል፤ ይህም የሚያሳየው ጉድለቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። በአረጋውያንና በረኃብ በከሱ ሰዎች ዘንድ የቆዳው ምልክት ሊያሳስት ስለሚችል በሱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

በቤት ውስጥ ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በከረጢቱ ላይ እንደ ተጻፈው በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ይህ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ሁሉም በማንኪያው ልክ ተስተካክሎ እንጂ ሳይከመር፤ ይበጠበጣል። ጣዕሙ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ሊጎዳ ስለሚችል ደፍቶ እንደገና መሥራት ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፤ ከሁለት እስከ ዐሥር ዓመት ላለው ልጅ እጥፉ፤ ለትልቅ ሰው እስከ ፈለገው ድረስ ይሰጣል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል እያሉ የሚከለክሉ አሉ፤ ይህ ልማድ በብዙ አገር ያለ ሲሆን ብዙ ሕፃን ገድሏል። ጡት የሚጠባ ልጅም ጡቱን አይከለከልም። ፈሳሹን ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ፤ ከቀድሞው ይልቅ በዝግታ፤ በማንኪያ እየቀዱ እንደገና መጀመር ነው።